ምዕራፍ ስድስት፦ አራት ምስክሮችና አንድ ዓረፍተ ነገር

ሰው ታሞ ተስፋው ሲመነምን ቤቱ በሰው ይሞላል። የነፍስ አባት ይጠራሉ፤ ጎረቤቱ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ከሩቅ አገር የደረሰው ወንድም አልጋውን ከበው ይቀመጣሉ። ከጸሎቱ ቀጥሎ የንብረቱ ነገር ይነሣል። «ቤቱ ለሚስቴ ነው። መርካቶ ያለችው ሱቅ ለትልቁ ልጄ ትሁን። ባንክ ያለው ገንዘብ ለታናሿ ይሁንና ትማርበት።» የሰማው ሁሉ ያለቅሳል፣ አደራውንም ይቀበላል። ከአርባው በኋላ ግን ከወራሾቹ አንዱ ጠበቃ ይዞ ፍርድ ቤት ከቀረበ፣ ያ ሁሉ ሰው የሰማው ቃል ቤቱንም ሱቁንም ለማንም አያስገኝም።

ምክንያቱ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 892 እና 893 የደነገገው ነው። ሞት መቃረቡ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች በቃሉ ሊናዘዝ ይችላል። በቃሉ ሊወስን የሚችለው ግን ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ አካለ መጠን ስላላደረሱ ልጆቹ አሳዳሪና ሞግዚት፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ስለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ ነው። ተናዛዡ ከተናዘዘ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ደግሞ ያ የቃል ኑዛዜ ጭራሹን ይቀራል።

በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ከብት የሚገዛ፣ ለድሃ ቤተሰብ ከባድ ገንዘብ ነበር። ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ እንኳ አይሞላም። አኃዙ ግን እንደተጻፈ አለ። በአገራችን ብዙ ሰው የሚያውቀው፣ አያቶቻችንም የተናዘዙበት መንገድ ይህ የአልጋ ላይ ቃል ነው፤ ሕጉም በዚህ መንገድ የሚያስተላልፈው ከምንም የማይቆጠር ነገር ሆኗል። ሕግ አውጪው አኃዙን ማሻሻል እንዳለበት አጥብቄ አምናለሁ። እስኪያሻሽለው ድረስ ግን ማንም ሰው ቤቱንና ሱቁን በአልጋ ላይ ቃል አላስተላለፈም፤ የሟቹ ሐሳብ ቅን ነበር፣ ምስክሮቹ እውነተኞች ናቸው የሚለው ክርክር ይህን አይለውጠውም።

ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት በዚህ የተነሣ ነው። በውርስ ክርክር ከሚወድቁት ኑዛዜዎች መካከል ተናዛዡ ክፉ አስቦ ወይም አእምሮው ተናግቶ የሚወድቁት ጥቂቶች ይመስሉኛል። ብዙዎቹ የሚወድቁት ፎርማቸው ስለተጓደለ ነው፤ አንዳንዴም የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሆናል። ያቺ ዓረፍተ ነገር በሕይወት እያለን በጣም ርካሽ ናት፤ ከሞትን በኋላ ግን በየትኛውም ዋጋ አትገዛም።

ኑዛዜ ከሌለ

ሰው ሳይናዘዝ ሲሞት ሕጉ ራሱ ይናዘዝለታል ማለት ይቻላል። የሕጉ ኑዛዜ ደግሞ ብዙዎቻችን የምናስበው ዓይነት አይደለም።

አንድ ቤተሰብ እናስብ፤ ስሞቹም አኃዞቹም ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። አቶ በላይና ወይዘሮ አስካለ ሠላሳ ዓመት በትዳር ኖረዋል። ኮተቤ የሠሩት ቤት 8,000,000 ብር ያወጣል። በትዳራቸው ሦስት ልጆች ወልደዋል፤ ከሦስቱ አንዱ ሁለት ልጆች ትቶ ሞቷል። አቶ በላይ ከጋብቻው በፊት የወለዷት ሴት ልጅም አለቻቸው። አቶ በላይ ሳይናዘዙ ሞቱ እንበል።

በመጀመሪያ የሚነሣው የጋራ ንብረት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ስለዚህ የቤቱ ግማሽ፣ 4,000,000 ብር፣ የወይዘሮ አስካለ ነው። ይህ ውርስ አይደለም፤ ድሮም የእሳቸው የነበረ ነው። ውርስ የሚሆነው የቀረው ግማሽ ነው።

ከዚያ ግማሽ ወይዘሮ አስካለ የሚወርሱት ስንት ነው? ምንም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባልም ሆነ ሚስት ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደሉም። ቁጥር 842 የመጀመሪያ ወራሾች የሚላቸው ልጆችን ነው፤ እኩል እኩል ይካፈላሉ፣ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለም ልጆቹ ተተክተው ድርሻውን ይወስዳሉ። ስለዚህ 4,000,000 ብሩ ለአራት ይከፈላል። በሕይወት ያሉት ሁለቱ የጋራ ልጆችና ከጋብቻ በፊት የተወለደችው ልጅ እያንዳንዳቸው 1,000,000፣ ሁለቱ የልጅ ልጆች ደግሞ በሟች አባታቸው ምትክ 500,000፣ 500,000። ከጋብቻ ውጭ መወለድ ድርሻ አይቀንስም፤ የጉዲፈቻ ልጅም እንደ አብራክ ክፋይ ይቆጠራል። ሴት ልጅ ከወንድ አታንስም፤ በገጠር ብዙ ቦታ «እሷ ባሏ ዘንድ አላት» እየተባለ የምትገፋው እህት በዚህ ሕግ ድርሻዋ ሙሉ ነው። ሟቹ ልጅ ባይኖራቸው ኖሮ ውርሱ ወደ አባትና እናታቸው፣ እነሱ ከሌሉ ወደ እህትና ወንድሞቻቸው ይሄድ ነበር እንጂ ወደ ሚስታቸው አይመጣም። የሩቅ ዘመድ እንኳ ጠፍቶ ወራሽ ሲታጣ ሕጉ የሚጠራው መንግሥትን ነው።

አሁን ወይዘሮ አስካለ ያሉበትን ሁኔታ እዩት። የአንድ ቤት ግማሽ ባለቤት ናቸው፤ የሌላው ግማሽ ባለቤቶች አምስት ሰዎች ሆነዋል፤ ከአምስቱ አንዷን ምናልባት በለቅሶው ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩዋት። ልጆቹ ተስማምተው «እናታችን እስካለች ቤቱ አይነካም» ካሉ ደግ። አንዱ ብቻ «ድርሻዬን» ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ባለ ሦስት ክፍል ቤት እንደ ዳቦ አይቆረስም፤ ለመከፋፈል ካልተመቸ መጨረሻው ሽያጭ ነው፤ ካልተስማሙም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሀራጅ። ወይዘሮዋ የሌሎቹን ድርሻ ለመግዛት 4,000,000 ብር ከየት ያመጣሉ? ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን ቤት ለቀው፣ በእጃቸው የገባውን ገንዘብ ይዘው፣ በስተርጅና ቤት ፍለጋ ይወጣሉ።

በጋብቻ ሳይተሳሰሩ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። የጋራ ሀብት ለመጠየቅ አብሮ የመኖሩ ዘመን ቢያንስ ሦስት ዓመት መሆን አለበት፤ አብሮ መኖሩን የማስረዳቱ ጭንቀትም በሐዘንተኛዋ ወይም በሐዘንተኛው ላይ ይወድቃል።

ሕጉ የሚሰማው ወረቀት

ሙሉ ንብረት ማስተላለፍ የሚችሉ ኑዛዜዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ይባላል፤ ሁለተኛው ተናዛዡ በእጁ ጽሑፍ የሚያደርገው ነው።

በግልጽ የሚደረገውን ኑዛዜ ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው ወይም ለሌላ ሰው እየነገረ ሊያስጽፈው ይችላል። የሕጉ ቁጥር 881 እዚህ ላይ ጥብቅ ነው። ኑዛዜው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡ ብቻ አይበቃም፤ መነበቡና የተነበበበት ቀን በኑዛዜው ውስጥ መጻፍ አለበት። ከዚያ ተናዛዡና ምስክሮቹ ወዲያው፣ እዚያው፣ ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራ ያደርጋሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ኑዛዜን ውልና ማስረጃ ወስዶ መፈጸም ከእናት ከአባት ምክር የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ከሚቀመጡት ኑዛዜዎች የአንዱን መጨረሻ ጠጋ ብለን እንየው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ይህን ኑዛዜ በሙሉ ፈቃዴና በጤናማ አእምሮዬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ስማቸው ከዚህ በታች በተገለጸው ምስክሮቼ ፊት አድርጌአለሁ።» ቀጥሎ አራት ስሞች፣ አራት ፊርማዎች። ያማረ ነው፣ ሁሉ ነገር የተሟላ ይመስላል። ግን ስለ መነበቡ አንድ ቃል የለም። ምስክሮቹ ከስድስት ዓመት በኋላ ችሎት ቀርበው «አዎ፣ በፊታችን ተነቧል» ቢሉ፣ ሕጉ የጠየቀው በወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ነውና ቃላቸው ክፍተቱን ላይሞላው ይችላል። የጎደለው ይህ ነበር፦ «ይህ ኑዛዜ እኔ ተናዛዡና አራቱ ምስክሮች በአንድነት ባለንበት ዛሬ ይህን ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልን፣ ሐሳቤ መሆኑን አረጋግጬ ሁላችንም ወዲያው ፈርመናል።» አንድ መስመር ተኩል። የብዙ ቤተሰብ ዕጣ የተንጠለጠለው በዚህ አንድ መስመር ተኩል ላይ ነው።

የምስክሮች ምርጫም ብዙ ሰው በዋዛ የሚያልፈው ነገር ነው። ምስክር ለአካለ መጠን የደረሰ፣ በፍርድ ያልተከለከለ፣ ኑዛዜው የተነበበበትን ቋንቋ የሚሰማ መሆን አለበት። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው፣ ወይም የእሱ ሚስት ወይም ባል ባይመሰክሩ ይመረጣል፤ ለክርክር በር ይከፍታልና። ሌላው ቀርቶ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌዎችን ብቻ አሰልፎ ማስፈረም ጥበብ አይደለም፤ ኑዛዜው በሚከፈትበት ቀን ከአራቱ ማናቸውም ላይኖሩ ይችላሉ።

ሁለተኛው፣ ተናዛዡ በእጁ የሚጽፈው ኑዛዜ፣ ምስክር አያስፈልገውም። ስለዚህ ምሥጢሩን ለራሱ መያዝ የሚወድ ሰው ይመርጠዋል። ግን ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ ቀን ያለበትና በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የተፈረመ መሆን አለበት። በኮምፒውተር አስጽፎ ከሥር ብቻ መፈረም በዚህ መንገድ የተደረገ ኑዛዜ አያደርገውም። ሌላ ሰው ከጻፈው ደግሞ እንደ ግልጽ ኑዛዜ አራቱን ምስክሮችና ንባቡን ይጠይቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው የጊዜ ገደብ አለ፦ በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይወድቃል። በአርባ አምስት ዓመቱ በጥንቃቄ ጽፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው በሰባ ዓመቱ ሲሞት ያለ ኑዛዜ እንደ ሞተ ይቆጠራል።

የሚያሳዝነኝ ሌላም ስሕተት አለ፤ የሚፈጸመው ደግሞ በሚዋደዱ ሰዎች ነው። ባልና ሚስት አብረው ይቀመጡና በአንድ ወረቀት ላይ «ማናችንም ቀድመን ብንሞት ቤቱ ለቀሪያችን ይሁን» ብለው ይፈርማሉ። ሕጉ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ የሚያደርጉትን ኑዛዜ ፈራሽ ያደርገዋል። ኑዛዜ የአንድ ሰው የግል ፈቃድ ነው፤ ያ ሰው በፈለገው ጊዜ ሊሽረው፣ ሊለውጠው መቻል አለበት፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ወረቀት ከታሰሩ ይህ ነጻነት ይጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ንባብ፣ ሁለት ጊዜ ፊርማ፤ እያንዳንዱም የሚናዘዘው በራሱ ድርሻና በግል ንብረቱ ላይ ብቻ ነው።

ምን ያህል ለማን

ፎርሙ ከተሟላ በኋላ ተናዛዡ ነጻነቱ ሰፊ ነው፤ ወሰን ግን አለው። ልጅን ከውርስ መንቀል ይቻላል፤ ሆኖም ምክንያቱ በኑዛዜው ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ፍርድ ቤቱም የተጠቀሰው ምክንያት እውነት ነው ቢባል እንኳ ልጅን ለመንቀል ይበቃል ወይ ብሎ ይመዝናል። «ነቅዬዋለሁ» ብቻ ማለት ወይም ስሙን ዘሎ ማለፍ ልጅን አይነቅልም። ሀብቱን በሙሉ ለሌላ ሰው መስጠት ብቻውን ወንድምና እህትን ከውርሱ ሊያስወጣ ይችላል፤ ተወላጆችን ግን አያስወጣም። በልጆች መካከል ማበላለጥም በልክ ነው። በእኩል ቢካፈሉ 1,000,000 ብር የሚደርሰው ልጅ በኑዛዜው 800,000 ቢሰጠው ይህን ታግሶ መቀበል ግድ ይለዋል፤ 700,000 ከሆነ ግን ጉድለቱ ከሩብ አልፏልና እንዲስተካከልለት መክሰስ ይችላል።

ወደ ወይዘሮ አስካለ ልመለስ፤ የዚህ ምዕራፍ ዋና ጉዳይ እሳቸው ናቸውና። አቶ በላይ በሕይወት እያሉ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? ከራሳቸው ግማሽ ለሚስታቸው ድርሻ በኑዛዜ መስጠት አንዱ መንገድ ነው፤ ለማንም መናዘዝ ይቻላል። ከዚህ ይልቅ ለእርጅና ዘመን የሚመች ሌላ መንገድ አለ፤ ሕጋችን አላባ የሚለው መብት። ባል የቤቱን ግማሽ ባለቤትነት ለልጆቹ ትቶ፣ ሚስቱ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ በቤቱ እንድትኖርበት፣ ቢያስፈልጋትም አከራይታ ኪራዩን እንድትበላ በኑዛዜው ሊወስን ይችላል። ልጆቹ ባለቤቶች ናቸው፤ እናታቸው ግን ከቤቱ አትወጣም። ከሌላ እናት የተወለደችው ልጅም ድርሻዋ አይጠፋም፤ ይዘገያል እንጂ። ይህን ኑዛዜ ሲያረቅ ጠበቃው የልጆቹ ድርሻ ከልክ በላይ እንዳይጎዳ ማስላት አለበት፤ መብቱ በቤቱ ካርታ ማኅደር ላይ እንዲመዘገብም ማስታወስ አለበት። ይህን መፍትሔ ያነሣሁላቸው ሰዎች አብዛኛዎቹ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ሰምተው አያውቁም ነበር፤ ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የሚታየው እፎይታ ይህን ምዕራፍ እንድጽፍ ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ነው።

ኑዛዜ አንዴ ተጽፎ የሚረሳ ሰነድም አይደለም። ከተናዘዙ በኋላ ልጅ ከተወለደ በኑዛዜው የተሰጡት ስጦታዎች ሊወድቁ ይችላሉ፤ በፍቺ የተለየች ሚስት ወይም የተለየ ባል በኑዛዜው የተሰጣቸውን ያጣሉ። ልደት፣ ፍቺ፣ የልጅ ሞት፣ የቤት ሽያጭ ባለ ቁጥር ኑዛዜውን አውጥቶ ማንበብ ያስፈልጋል።

የሕፃናትና የአካል ጉዳተኛ ልጆች ወላጆች ከኑዛዜ አልፈው ስለ አደራ ሊያስቡ ይገባል። በአሜሪካና በእንግሊዝ ቤተሰቦች ዘንድ ትረስት የሚባለው ነገር የውጭ አገር ብቻ የሚመስላቸው አሉ። የእኛው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 516 ጀምሮ ይደነግገዋል፦ አንድ የተወሰነ ንብረት ራሱን ችሎ እንዲቆምና ባለአደራው መሥራቹ በሰጠው መመሪያ መሠረት እንዲያስተዳድረው ይደረጋል። በስጦታ ወይም በኑዛዜ ሊቋቋም ይችላል። ራሷን ችላ መኖር የማትችል ልጅ ያለቻቸው ወላጆች የአንድ ሱቅ ኪራይ ለሕክምናዋና ለቀለቧ ብቻ እንዲውል፣ ሱቁም እሷ በሕይወት እያለች እንዳይሸጥ፣ አክስቷ ባለአደራ እንድትሆንና በየዓመቱ ሒሳብ እንድታቀርብ ሊወስኑ ይችላሉ። ይህ ክፍል በተግባር ሲሠራበት የሚታየው እምብዛም ነው፤ ባንኮችም ሆኑ የመሬት ጽሕፈት ቤቶች ስላልለመዱት ጠበቃው ማስረዳቱ፣ መመላለሱ አይቀርም። ቢሆንም ሕጉ በር ከፍቷል፤ «ወንድሞቿ ያያሉ» ከሚል ተስፋ ይልቅ በዚህ በር መግባት ለልጅቷ ዋስትና ነው።

ወደ ውርሱ የማይገባው

ሰዎች የሚናዘዙት አንዳንዴ የራሳቸው ባልሆነ ነገር ላይ ነው። የቀበሌ ቤት የኪራይ ቤት ነው፤ አርባ ዓመት ቢኖሩበትም በኑዛዜ አይተላለፍም። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው የሚያወርሰው የመጠቀም መብቱን ነው፤ ለማን ሊያወርስ እንደሚችልም የየክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ይወስናል። ስለዚህ የይዞታ ደብተር ያለው ሰው ከመናዘዙ በፊት የክልሉን ሕግ የሚያውቅ ባለሙያ ይጠይቅ። የሕይወት መድን ውስጥ ተጠቃሚው በስም ከተጠቀሰ ገንዘቡ ውርስ አይሆንም፣ በቀጥታ ለእሱ ይከፈላል። በጡረታ ሕግ ለሟች ሚስት ወይም ባልና ልጆች የሚከፈለው ገንዘብም እንዲሁ ከውርሱ ውጭ ነው። መድን ሲገባ የተሞላውን ቅጽ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ የቀድሞ እጮኛ ስም እንደተጻፈ የሚቀርበትም ጊዜ አለ።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ከሁሉ የሚያስፈልገው ማስጠንቀቂያ ስለ ውክልና ነው። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ሆነው ለወንድማቸው ውክልና ልከው አዲስ አበባ ቤት ያሠሩ ብዙዎች ናቸው። ውክልና ሰጪው በሞተበት ቅጽበት ውክልናው ይቋረጣል፤ ወንድሙ ወረቀቱን በእጁ ስለያዘ ብቻ ቤቱን መሸጥ አይችልም፤ ቢሸጠውም ነገሩ ወራሾችንና ገዢውን ለረጅም ክርክር ይዳርጋል። በአሜሪካ ጠበቃ የተቋቋመ ትረስት እዚያ ያለውን ቤትና የባንክ ሒሳብ ከፍርድ ቤት ምልልስ ሊያድን ይችላል፤ ኮተቤ ያለው ቤት ካርታ ግን በሟቹ ስም እስካለ ድረስ አዲስ አበባ ያለው ጽሕፈት ቤት የሚያየው ያንን ስም ነው። የወራሹ ዜግነት የወራሽነት መብቱን እንደማይነካ ሕጉ በቁጥር 837 ቢያረጋግጥም፣ ሁለት አገር ንብረት ያለው ሰው በሁለቱም አገር ጠበቃ ማነጋገር አለበት።

ሙስሊም ቤተሰቦች ሌላ አማራጭ አላቸው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ባጠናከረው የ1992ቱ አዋጅ ቁጥር 188 መሠረት ተከራካሪዎቹ በፈቃዳቸው ከተስማሙ ውርስና ኑዛዜ በቃዲው ፊት ይታያል። እዚያ ሚስት ራሷ ወራሽ ናት፦ ልጅ ካለ የውርሱን አንድ ስምንተኛ፣ ከሌለ አንድ አራተኛ ትወስዳለች፤ ሴት ልጅ የወንድ ልጅ ግማሽ ይደርሳታል፤ ኑዛዜም ከሀብቱ አንድ ሦስተኛ አያልፍም፣ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በቀር ለወራሽ አይደረግም። ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ አንድ ወራሽ ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት በሁለቱም ሕግ የሚደርሰውን ማስላት መብቱ ነው።

ጠበቃው ዘንድ

ፍርድ ቤት በር ላይ የሚሠሩ ራፖር ጸሐፊዎች ለብዙ ችግረኛ ደራሽ ናቸው፤ ኑዛዜ ግን ለእነሱ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። ፈቃድ ያለው ጠበቃ ማግኘት ይሻላል። የመክፈል አቅም ለሌላቸው ሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ ምክር ይሰጣል፤ በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥርም ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ።

ሲሄዱ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆቹን የልደት ካርድ፣ የቤት ካርታ፣ የባንክ ደብተርና የመድን ውል ይዞ መሄድ ነው። የትኛው ንብረት ከጋብቻ በፊት እንደተገኘ፣ የትኛው ከወላጅ እንደተወረሰ ለጠበቃው በግልጽ መንገር ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ የማይደበቅ አንድ ነገር አለ፤ ሌላ ቦታ የተወለደ ልጅ። ጠበቃ የደንበኛውን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ያልተነገረው ልጅ ኑዛዜው ሲጻፍ ካልታሰበ፣ ከሞት በኋላ መጥቶ አባትነቱ ሲረጋገጥ የተሠራውን ክፍፍል ሁሉ ያናጋል።

ቤተሰብም ከሞቱ በኋላ ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው። የባንክ ሒሳቡ ይታገዳል፤ የሚለቀቀው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ሲሰጥ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ጥያቄ የከተማው ፍርድ ቤቶች ያስተናግዱታል። ያ ማረጋገጫ ወራሽ መሆንን ይመሰክራል እንጂ የትኛው ክፍል የማን እንደሆነ አይናገርም፤ ለዚያ ውርስ አጣሪው ዕዳውንና ሀብቱን ቆጥሮ፣ ኑዛዜው ካለ አይቶ ሪፖርት ማቅረብ አለበት። ድርሻውን ሌላ ሰው የያዘበት ወራሽ ደግሞ መብቱንና ንብረቱ መያዙን ባወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ ክሱ በይርጋ ሊዘጋበት ይችላል። «ሐዘናችን ይውጣና» እያሉ ያቆዩት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በዚህ ነው፤ ወንድሙን በችሎት ላለማቆም የታገሠ ሰው በትዕግሥቱ ምክንያት ድርሻውን ሲያጣ ማየት ከባድ ነው።

ኑዛዜው ሲያልቅ ጠበቃውን ሁለት ነገር ጠይቁት። ስለ ንባቡ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ከነቀኑ የት ገጽ ላይ እንዳለ በጣቱ ያሳያችሁ። ቀጥሎም ሰነዱን ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አብሯችሁ ሄዶ ያስቀምጥና የመዝገብ ቁጥሩን ይስጣችሁ። ቁጥሩን ለሁለት ሰዎች ንገሩ፤ ከሁለቱ አንዱ ከወራሾቹ ውጭ የሆነ ሰው ይሁን።